የፓተንት ዘመኑ ሲያበቃ፦ የአንድ የድብርት መድኃኒትና የተተኪው ጉዳይ

አንድ የመድኃኒት ኩባንያ ለግኝቱ የሚያገኘው የፓተንት መብት በዓለም የንግድ ድርጅት ስምምነት መሠረት ማመልከቻው ከገባበት ዕለት አንስቶ ቢያንስ ለ20 ዓመታት ይጸናል። ከዚህ ውስጥ በርካታው ዓመት በምርምርና በሙከራ ስለሚያልፍ ኩባንያው ያለ ተወዳዳሪ የሚሸጥበት ጊዜ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። መብቱ ሲያበቃ ሌሎች አምራቾች ያንኑ መድኃኒት በንጥረ ነገሩ ስም፣ ማለትም በጄኔሪክ፣ በአነስተኛ ዋጋ ያቀርባሉ።

ዋይዝ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤፌክሰር በሚል የንግድ ስም ለድብርት ሕመም ያቀርበው በነበረው ቬንላፋክሲን ላይ የገጠመው ይኸው ነበር። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ በ1993 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘ ሲሆን፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰደው ዓይነት በ1997 ተከትሏል። በ2007 ለኩባንያው ያስገኘው ሽያጭ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ይሁንና ዋይዝ ቴቫ ከተባለው የእስራኤል ጄኔሪክ አምራች ጋር የነበረውን የፓተንት ክርክር በ2005 በስምምነት ሲቋጭ፣ ቴቫ ከጁላይ 2010 ጀምሮ በቀን አንዴ የሚወሰደውን መድኃኒት በአሜሪካ እንዲሸጥ ተስማምቷል። ተተኪ ማዘጋጀት የግድ ሆነ።

ኩባንያው የመረጠው ዴስቬንላፋክሲንን ነው። ንጥረ ነገሩ ለሐኪሞች እንግዳ አልነበረም። ቬንላፋክሲን የወሰደ ሰው ጉበት መድኃኒቱን ሲለውጠው በዋናነት የሚያመርተው ይህንኑ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ነባሩን መድኃኒት የሚወስዱ አብዛኞቹ ሕሙማን ተተኪውን በሰውነታቸው ውስጥ ሲያመርቱት ኖረዋል። ኩባንያው በበኩሉ አዲሱ መድኃኒት በጉበት ኢንዛይም መለወጥ ስለማያስፈልገው ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር የመጋጨት ዕድሉ ያነሰ መሆኑን፣ መጠኑንም ደረጃ በደረጃ መጨመር እንደማያሻ አስረድቷል። መከራከሪያው መሠረት የሌለው አይደለም፤ ጥያቄው ልዩነቱ ለሕሙማኑ ምን ያህል ይጠቅማል የሚለው ነው።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ በፌብሩዋሪ 2008 መድኃኒቱን ፕሪስቲክ በሚል ስም አጽድቋል። በአሜሪካ ለፈቃድ የሚጠየቀው መድኃኒቱ ፈዋሽነት ከሌለው ክኒን የተሻለ መሆኑንና ደኅንነቱን ማሳየት ነው። ከነባሩ መድኃኒት መብለጡን ማሳየት ግዴታ አይደለም። ሙከራዎቹም በቀን ከ50 ሚሊ ግራም በላይ መውሰድ ተጨማሪ ጥቅም እንደማይሰጥ አመልክተዋል።

በአውሮፓ ግን ሂደቱ በዚህ መልክ አልተጓዘም። የአውሮፓ የመድኃኒቶች ኤጀንሲ የባለሙያዎች ኮሚቴ አዲሱን መድኃኒት ከወላጁ ከቬንላፋክሲን ጋር አነጻጽሮ፣ በፈዋሽነቱ ያነሰ መስሎ እንደታየውና በደኅንነትም ሆነ በተስማሚነት ብልጫ እንደሌለው ገልጿል። ዋይዝም ለድብርት ሕክምና ያቀረበውን ማመልከቻ እ.ኤ.አ በ2008 አንስቷል። አንድ ዓይነት ክኒን በአንዱ አህጉር ሲፈቀድ በሌላው የቀረው በአብዛኛው በዚህ የመመዘኛ ልዩነት ነው።

የተለያየው መመዘኛ ለመድኃኒት ገዢ መሥሪያ ቤቶችና ለጤና መድን ድርጅቶችም ትርጉም አለው። የመድኃኒት ፈቃድ መድኃኒቱ ለገበያ መብቃቱን እንጂ ከርካሹ ነባር መድኃኒት መሻሉን በራሱ አያረጋግጥም፤ ንጽጽሩን የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ሂሳቡን የሚከፍለው ወገን ነው።

ዋይዝ የጄኔሪኩን መምጣት ራሱን ችሎ አልጠበቀም። ፋይዘር ኩባንያውን እ.ኤ.አ በኦክቶበር 2009 በ68 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጠቅልሎ ገዝቶታል። የቴቫ ምርት በስምምነቱ መሠረት በጁላይ 2010 ለአሜሪካ ገበያ ቀርቧል። ፕሪስቲክም ቢሆን ተራው ደርሶ በ2017 ጄኔሪኮቹ በዚያው ገበያ መሸጥ ጀምረዋል።