ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም

ኤርሶፍት የሚባለው የጨዋታ ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት በጃፓን አገር የተጀመረ ነው። የአገሩ ሕግ እውነተኛውን መሣሪያ በተራ ሰው እጅ እንዳይገኝ አጥብቆ ስለሚቈጣጠር፣ መልኩ ጠመንጃ፣ ጥይቱ ግን 6 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ድብልብል የሆነ መጫወቻ ተሠራ። ዛሬ በብዙ አገር ወጣቶች በቡድን ተከፍለው ይጫወቱበታል። ዋጋው ለተማሪ ኪስ የሚቀል አይደለም፤ ዳሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ጨዋታው ሳይሆን ባለቤቱ «ላለስልሰው» ብሎ የሚያፈስበት ዘይት ነው።

«የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪን ስለ ዘይት ምን አገባው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን ከባድ ኬሚስትሪ አይደለም፤ ዘይቱ የሚነካው ምንን ነው ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው።

እውነተኛ ጠመንጃ ብረት ነውና ከነዳጅ የተጣራ ዘይት ይስማማዋል። የኤርሶፍት ሆድ ዕቃ ግን አየር የሚያግዱ የጎማ ቀለበቶችና ፕላስቲክ ነው። የነዳጅ ዘይትና ብዙው ዓይነት ጎማ ሁለቱም ከካርቦንና ከሃይድሮጂን የተሠሩ ዘመዳሞች ናቸው፤ ስለዚህ ዘይቱ ወደ ጎማው ሠርጎ ያሳብጠዋል፣ ያልመዋል፤ አየሩም ያፈተልካል። ሲሊኮን ዘይት ግን አጥንቱ ሲሊኮንና ኦክሲጅን ስለሆነ ለእንዲህ ያለው ጎማ ባዳ ነው፤ አይገባበትም። ጎማው ራሱ የሲሊኮን ጎማ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚያሳብጠው ያው ሲሊኮን ዘይት ነው።

በየቤቱ የሚገኘው ደብልዩ ዲ 40ም ለዚህ ሥራ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1953 በካሊፎርኒያ ሲቀመም የታሰበው ውሃን ከብረት ላይ ለማባረር ነበር፤ ስሙም «ውሃ አባራሪ፣ 40ኛ ሙከራ» ማለት ነው። «ሲሊኮን» ተብሎ በቆርቆሮ ከሚሸጠውም ውስጥ በነዳጅ ማሟሟቻ የቀጠነ አለና፣ ከመግዛት በፊት ጽሑፉን ማንበብ ይገባል።

በባትሪ የሚሠራው ዓይነት በውስጡ ጥርሳም መዘውሮች አሉት። ለእነዚህ ሲሊኮን ደካማ ነው፤ ብረት ብረትን ሲፈጭ ጫናውን አይችልም። ጥቂት የሊቲየም ግራሶ በጥርሶቹ ላይ ይቀባል። ይህ ግራሶ ግን አብዛኛውን ጊዜ የነዳጅ ዘይት ስላለበት የፒስተኑን የጎማ ቀለበት መንካት የለበትም፤ ለዚያ የሲሊኮን ግራሶ አለ።

ምንም የማይቀባበት ስፍራም አለ። በቱቦው መነሻ ላይ ከላይ ወደ ውስጥ ብቅ የምትል ጎማ ድብልብሏን ስታልፍ ወደ ኋላ ታሾራታለች፤ በዚህ ሽክርክሪት ነው ድብልብሏ አየሩን ተንተርሳ ሩቅ የምትሄደው። ጎማዋ ዘይት ከነካት ታንሸራትታለች፤ ሽክርክሪቱ ይጠፋና ድብልብሏ ቶሎ መሬት ትወርዳለች። የኤሌክትሪክ መገናኛዎችም እንዲሁ ደረቅ ይሁኑ።

በጋዝ የሚሠራውን የሚገዛ ሰው «አረንጓዴ ጋዝ» የሚባለው ጥቂት ሲሊኮን ዘይት የተቀላቀለበት ፕሮፔን መሆኑን ይወቅ። ተራ ፕሮፔን የሚሞላ ግን አንድ ሁለት ጠብታ ሲሊኮን በካርታው መሙያ ላይ ራሱ ይጨምር። ፕሮፔን ተቀጣጣይ ነውና ሲጋራ በአጠገቡ አይጨስ።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ካርታው ይውጣ፤ በቱቦው የቀረች ድብልብል እንዳትኖር ሰው ወደሌለበት ይተኰስ፤ ዐይንም በመከላከያ መነጽር ይሸፈን። ሲያበቃ ቱቦው በደረቅ ጨርቅ ይወልወል።