ናና፣ ሎሚ እና አምቦ ውሃ፦ ለሙቀት ቀን የሚሆን ኮክቴል

የኩባው ሞሂቶ አምስት ነገር ይፈልጋል፦ ነጭ ረም፣ ሎሚ፣ ስኳር፣ ናና እና ጋዝ ያለው ውሃ። ከረሙ በቀር አራቱ ድሬዳዋም ሆነ አዳማ ከገበያ አይጠፉም። እንዲያውም የእኛ ትንሿ ሎሚ ልጣጯ ስስ፣ ጭማቂዋ ኮምጣጣ፣ ሽታዋም የሚያውድ ስለሆነ ለዚህ ዓይነት መጠጥ ከውጭ ከሚመጣው ትልቁ ቢጫ ሎሚ ትሻላለች። ለጋዙ አምቦ ውሃ አለ። ጂዳ ወይም ዱባይ የሚኖሩ ወገኖቻችን ናናና ሎሚ አንድ ላይ ፈጭቶ በበረዶ መጠጣትን ያውቁታል፤ ቴላቪቭ ያሉትም ሊሞናና ብለው ያዝዙታል።

ናና አፍን የሚያቀዘቅዘው በምን ምክንያት ነው? በተለይ ፔፐርሚንት በሚባለው የናና ዝርያ ውስጥ ሜንቶል የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት አለ። አፋችንና ቆዳችን ላይ ቅዝቃዜን የሚለዩ ነርቮች አሉ፤ ሜንቶል እነሱን ይቀሰቅስና አንጎል ቀዝቃዛ ነገር የነካን ይመስለዋል። ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ጁሊየስ እና አርደም ፓታፑቲያን በእነዚህ ነርቮች ላይ ያለውን ቅዝቃዜ ተቀባይ እ.ኤ.አ. በ2002 በየፊናቸው ለይተው አገኙት፤ በ2021 ደግሞ ሰውነት ሙቀትንና ንክኪን እንዴት እንደሚያውቅ ባደረጉት ምርምር የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ሜንቶል ግን የሰውነትን ሙቀት አያወርድም። ሙቀቱን የሚያወርደው ከቆዳ ላይ የሚተነው ላብ ነው፤ ላብ ደግሞ ውሃ ይፈልጋል። የቅጠሉ ውለታ ውሃ የሰለቸው ሰው ደጋግሞ እንዲጠጣ ማድረጉ ነው። ጋምቤላ ወይም ሰመራ በበጋ የዋለ ሰው ይህ ትንሽ ውለታ እንዳልሆነ ያውቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ናናውን በመውቀጥ ነው። መዓዛው ያለው በቅጠሉ ገጽ ላይ ባሉ፣ በዓይን ለማየት በሚያስቸግሩ ጥቃቅን የዘይት ከረጢቶች ውስጥ ነው። እነሱን ለመክፈት ቅጠሉን በሁለት መዳፍ መሃል አንዴ ማጨብጨብ ወይም በማንኪያ ጀርባ ጫን ማድረግ ይበቃል። ሲወቀጥ የቅጠሉ ውስጠኛ ክፍል ይፈርስና ሣር ሣር የሚል ምሬት ይወጣል፤ ቅጠሉም ይጠቁራል። በተጨማሪም ይህ ዘይት ከአልኮል ጋር በቀላሉ ይዋሃዳል እንጂ ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር አይስማማም። አልኮል በሌለው መጠጥ መዓዛውን አስቀድሞ በሙቅ ሽሮፕ ማውጣት የሚበጀው ለዚህ ነው።

ሽሮፑ ቀላል ነው። አንድ ኩባያ ስኳር በአንድ ኩባያ ውሃ አሙቁ፤ ስኳሩ ሲሟሟ ከእሳት አውርዱ፣ በደንብ የታጠበ አንድ እፍኝ ናና ጨምሩና ክደኑት። መክደኑ አይረሳ፤ እንፋሎቱ ከወጣ መዓዛውን ይዞ ነው የሚሄደው። ከ20 ደቂቃ በኋላ አጥልላችሁ አቀዝቅዙት። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳምንት ያህል ይቆያል። ብርዝ የሚወድ ሰው በስኳሩ ፋንታ ማር መጠቀም ይችላል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ያለበት ነገር አይሰጥም።

በናና ብቻ መወሰን የለባችሁም። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ጠጅ ሳር ነው። የሎሚ ሽታ የሚሰጠው ሲትራል የተባለው ንጥረ ነገር በውስጡ ስላለ ከሎሚ ጋር ሲገናኝ ጣዕሙ ይገጥማል፣ ጠረኑም ለረጅም ጊዜ አይጠፋም። ጠንካራ ስለሆነ እሱን መቀጥቀጥ ይቻላል፤ ቆራርጣችሁ ከስኳሩና ከውሃው ጋር 10 ደቂቃ ያህል አፍሉት። በሶብላ ከተገኘ እርጥቡን ምረጡ፤ የደረቀው መጠጡን ወጥ ወጥ ያሰኘዋል። ጤና አዳም ምሬቱ ኃይለኛ በመሆኑ አንዲት ትንሽ ቅንጣት ለጥቂት ደቂቃ ነክራችሁ አውጡ። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ጤና አዳም ባትቀምስ ይሻላል።

አሁን መቀላቀል ነው። ረጅም ብርጭቆ በበረዶ ሙሉ። በረዶ መቆጠብ መጠጡን ያቀጥነዋል፤ ጥቂት በረዶ ቶሎ ቀልጦ ያልቃል፣ ብዙ ሲሆን ግን ቅዝቃዜው ስለሚቆይ የሚቀልጠው በዝግታ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሽሮፕና የሁለት ትንንሽ ሎሚ ጭማቂ አፍስሱ፣ አዋህዱ፣ በመጨረሻ አምቦ ውሃውን ጨምሩ። ጋዙ እንዳይጠፋ ከዚያ በኋላ በማንኪያ አንዴ ብቻ ከታች ወደ ላይ አንሱት። ያጨበጨባችሁትን የናና ዘለላ ከአፍንጫ እንዲቀርብ በብርጭቆው አፍ ላይ አድርጉት፤ ጣዕም የምንለው አብዛኛው ነገር ከሽታ የሚመጣ ነውና። ብዙ ላብ ላፈሰሰ ሰው ቁንጥር ጨው ቢገባበት አይከፋም።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛ፣ በረዶውም ሽሮፑም ከሚጠጣ ንጹሕ ውሃ ይሠራ፤ ቅዝቃዜም ሆነ የሎሚ ኮምጣጣነት ጀርምን ይገድላል ብላችሁ አትመኑ። ሁለተኛው ብዙም የማይታወቅ ነው። ሎሚና ጤና አዳም ውስጥ ፀሐይ ሲያገኛቸው ቆዳን የሚያቃጥሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ሎሚ የጨመቀ ሰው እጁ በቀጣዩ ቀን ወይም ከዚያ በኋላ ቀልቶ ውሃ ሊቋጥር፣ ጥቁር ምልክትም ሊተውበት ይችላል። ጭመቃውን ጥላ ውስጥ አድርጉት፤ ወደ ፀሐይ ከመውጣታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ስለ ረሙስ? ዓለም አቀፉ የባርቴንደሮች ማኅበር ለሞሂቶ የሚያዘው 45 ሚሊ ሊትር ነጭ ረም ነው፤ እዚህ መጠጥ ላይም ያው መጠን ይገባል። የቤት አረቄ ግን ጥንካሬው ከጋን ጋን ስለሚለያይ ልኩን ማወቅ አይቻልም። ረምም ይሁን አረቄ፣ አልኮል ኩላሊት ውሃ እንዲቆጥብ የሚያዘውን ሆርሞን ያዳክማል፤ ሽንት ይበዛል፣ ሰውነት በላብ ከሚያጣው ላይ ሌላ ያጣል። ስለዚህ ቀን በፀሐይ ያለ አልኮል ይጠጣ፤ መጠጣት የፈለገ አዋቂ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ውሃ አስቀድሞ፣ በአንድ ብርጭቆ ይወሰን። የልብ፣ የኩላሊት ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበትና መድኃኒት የሚወስድ ሰው አልኮሉን ቢተወው ይሻለዋል።

በሙቀት ክፉኛ የተጎዳን ሰው ደግሞ መጠጥ አያድነውም። ሰውነቱ እንደ እሳት ከጋለ፣ ንግግሩ ከተደነባበረ ወይም ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አታፍስሱ። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ልብሱን አላሉለት፣ ቀዝቃዛ ውሃ በሰውነቱ ላይ አፍስሱ፣ አራግቡለት፤ ይህን እያደረጋችሁም በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት።