ድምፅ የሚያስተላልፍ፥ ሰውም የሚወጣበት ግንብ

ከወረታ ተነሥቶ በፎገራ ሜዳ የሚጓዝ መንገደኛ፥ ምድሩ ደልዳላ ስለ ሆነ፥ የቴሌፎኑን ማማ ገና ከሩቅ ያየዋል። በአንበሳሜም ሆነ በሌላው ከተማችን ልጆች ወደዚህ ብረት እያመለከቱ «ይህ ለምን ረዘመ? ወጥተን አገር ብናይበትስ?» ብለው አባትና እናታቸውን መጠየቃቸው አይቀርም። ለወላጆች መልስ ይሆን ዘንድ ዛሬ በዚህ ገጻችን ስለ ማማ ጥቂት ቃል ለመጻፍ አስበናል።

መርዘሙ ያለ ምክንያት አይደለም። ድምፁን ተሸክሞ የሚሄደው ሞገድ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ የምድር ክብነትና የኮረብታ ጀርባ ይጋርደዋል። በደልዳላ ምድር 50 ሜትር ከፍ ብሎ የቆመ ሰው እስከ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ያያል፤ 150 ሜትር ከፍ ቢል ግን ዓይኑ 44 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርስለታል። እንግዲህ ለሞገዱ የሚበጀው ከፍታ ለዓይንም የሚበጅ ነው።

ይህን አስተውሎ በሥራ ያዋለው ፍሪትዝ ሌዮንሃርት የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው። በሽቱትጋርት ከተማ ያለው የራዲዮ ድርጅት ከከተማይቱ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ 200 ሜትር የሚሆን፥ በሽቦ የተወጠረ የብረት ምሰሶ ለማቆም አስቦ ነበር። ሌዮንሃርት ግን በምሰሶው ፈንታ ሰው የሚወጣበት፥ በላዩም ምግብ ቤትና ዙሪያውን የሚያሳይ ሰገነት ያለው የአርማታ ግንብ ይሠራ ሲል አሳብ አቀረበ። ወጪው በዛ፥ የአገሩንም መልክ ያበላሻል ብለው የተቃወሙት ብዙ ነበሩ። ሥራው በ1946 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1948 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ቁመቱም 217 ሜትር ያህል ነው። ከ4 ሚሊዮን ማርክ በላይ የወጣበት ገንዘብ፥ ሊያዩት የሚመጡት ሰዎች በሚከፍሉት የመግቢያ ዋጋ በ5 ዓመት ውስጥ ተመለሰ። ሌሎች ቁመቱን ሲያደንቁ እኛ ይልቁን ሒሳቡን አድንቀናል። በርሊን፥ ሞስኮና ቶሮንቶም ኋላ ከዚህ የሚበልጡ ግንቦች አቁመዋል። ነገር ግን በ2005 ዓ.ም. እሳት ቢነሣ ሰው የሚያመልጥበት መንገድ አይበቃም ተብሎ የሽቱትጋርቱ ግንብ ለጎብኚዎች ተዘጋ፤ እንደገና የተከፈተው በ2008 ዓ.ም. ነው። ሕዝብን ወደ ላይ ማውጣት ቀላል ኃላፊነት አይደለምና መዘጋቱን አንነቅፍም።

የፓሪሱ የኤፌል ግንብ ታሪክ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። በ1881 ዓ.ም. ለትርኢት ተሠርቶ ለ20 ዓመት ብቻ እንዲቆም ተፈቅዶለት ነበር። ጊዜው ሲደርስ እንዳይፈርስ ያዳነው ያለ ሽቦ ለሚሠራው ቴሌግራፍ መጥቀሙ ነው።

በአገራችን ስለ ራዲዮ ሲነሣ የአቃቂው ጣቢያ አይረሳም። በ1928 ዓ.ም. መባቻ፥ የፋሺስት ጦር በድንበር ላይ ሳለ፥ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአሜሪካ ሕዝብ፥ ግርማዊት እቴጌ መነንም ለዓለም ሴቶች የኢትዮጵያን አቤቱታ በራዲዮ አሰምተዋል። አንዲት እናት ከአዲስ አበባ ሆና ባሕር ማዶ ላሉ እናቶች መናገር መቻሏ በዚያን ዘመን እንዴት ያለ ድንቅ ነበር!

ወደ ልጆቹ ጥያቄ እንመለስ። በየከተማችን የቆመው የብረት ማማ ለሠራተኛ እንጂ ለጎብኚ የተሠራ አይደለም። አጥሩም በከንቱ አልታጠረም፤ ውስጡ ኤሌክትሪክ አለ፥ የብረቱም መሰላል የደኅንነት ቀበቶ ላልታጠቀ ሰው የሞት መንገድ ነው። ወላጆች ይህን ለልጆቻቸው ገልጠው ይንገሩ፤ ከብት ጠባቂዎቹም ጥላ ፍለጋ ወደ አጥሩ እንዳይገቡ ይምከሯቸው።

ነገር ግን «አይሆንም» ብሎ ብቻ ልጅን ማሰናበት አይገባም። ጀርመኖች በአርማታ የገዙትን ከፍታ ለእኛ ተራራው በነጻ ሰጥቶናል። መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ፥ ከአንበሳሜ በሐሙሲት ወደ ወረታ፥ ከዚያም አዲስ ዘመንን አልፎ ወደ እንፍራንዝ የሚሄድ ቤተሰብ በኮረብታ ላይ የጉዛራን ግንብ ያገኛል። በ16ኛው መቶ ዓመት በዓፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል፤ ከጎንደር ግንቦች የቀደመ ነው። የጣናን ውሃ ከዚያ ሆኖ ማየት ይቻላል። ጉዞው ከክረምት በኋላ ቢሆን ይሻላል፤ በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታልና። ዳገቱ ሕፃናትን ስለሚያደክም በጠዋት መውጣት፥ ውሃና ጥቂት ቆሎም መያዝ ያስፈልጋል።