የእርጎ ኩባያው ቅባት

የፋሲካ ዋዜማ ፀጉር ቤት የገባች ሴት ቸኩያለሁ አትበል። ቀበና አካባቢ፣ 2 ካስክ ብቻ ባላት ጠባብ ቤት 11 ሴቶች ተራ ስንጠብቅ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ፊቴን ሰረቅ እያደረገች ስታይ ቆየችና «እትዬ፣ ካልተቀየሙኝ አንድ ነገር ልንገርዎት?» አለችኝ። ነገሩ ማድያቴ ነው። ሁለተኛ ልጄን ካረገዝኩ ጀምሮ ጉንጮቼ ላይ ቤቱን ሠርቶ የተቀመጠ፣ እኔ የለመድኩት፣ ሌላ ሰው ግን አይቶ ማለፍ የሚያቅተው ማድያት። ልጅቷ ከቦርሳዋ የእርጎ ኩባያ አወጣች። አፉ በፌስታል ተሸፍኖ በላስቲክ ታስሯል። ውስጡ ነጭ፣ ለስላሳ ቅባት አለ።

«በሁለት ሳምንት ሙልጭ ያደርግልዎታል። 150 ብር ነው።»

«ምን ምን አለበት?»

«ሦስት ዓይነት ክሬም ነው። እያደባለቀች የምታመጣልን ሴትዮ አለች።»

«የትኞቹ ሦስት?»

ሳቀች። «እሱን ብትነግረንማ እኛው እንቀላቅለው የለ!»

ገዛሁት። ልቀባው ሳይሆን ላጣራው ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ግማሹ እውነት ነው።

በዓሉ አለፈ፣ ዶሮው ተበላ፣ የልጅቷ ሳቅ ግን አልለቀቀኝም። ቆዳ የሚያነጣ ክሬም መጥፎ መሆኑን ያልሰማ አንባቢ የለም፤ ሬዲዮውም ይለዋል፣ ጎረቤትም ይለዋል። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ያቺ ልጅ ሞኝ አይደለችም። አቅሟ በሚፈቅደው ዋጋ የምታገኘው ነገር ውስጡ ምን እንዳለ የሚነግራት ስለጠፋ በገዛ ፊቷ ላይ እየሞከረች ነው። በወጥ ቤት እንቁላልና ማር የምትመታውም፣ በሻንጣ የመጣ ሪላክሰር፣ ማለትም ፀጉር ማለስለሻ፣ የምትገዛውም እንደዚሁ። ላቦራቶሪው የእኛው አናት ሆኗል።

ነገሩ ዛሬ አልተጀመረም፤ ያለፉት ጥቂት ዓመታት ግን አባብሰውታል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር በ38 ዓይነት ዕቃዎች ላይ የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ ሲከለክል ሽቶና የውበት መጠበቂያዎች ከዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ዕቃው ግን ከሱቅ አልጠፋም። መንገዱን ቀይሮ ከዱባይና ከጅዳ በሚመለሱ እህቶቻችን ሻንጣ መምጣቱን ቀጠለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ክልከላው ሲነሳ ደግሞ በዚያው ሰሞን ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀና፣ የተፈቀደው ሻምፑ ከተከለከለው በላይ ተወደደ። ይኼኔ ነው ሴቱ ሁሉ ፊቱን ወደ ወጥ ቤት ያዞረው።

ስለዚህ ሁሉ የሚያውቅ ሰው ስፈልግ ስድስት ኪሎ አካባቢ 22 ዓመት ፀጉር የሠራች ሴት አገኘሁ። ስሜን አትጻፊ አለችኝ፤ አልጽፍም። ወሬዋን ግን ብተወው ኃጢአት ይሆንብኛል።

«ድሮ ደንበኛ ‹ምን ትቀቢኛለሽ?› ብላ ትጠይቀኝ ነበር» አለች ፔስትራውን ከሶኬት እየነቀለች። «አሁን ‹ይሄን ቀቢኝ› ብላ ይዛ ትመጣለች። ካርቶኑ ቱርክ ይላል፣ ጽሑፉ ቻይንኛ ነው፣ ሽታው የበረኪና ነው። እምቢ ስላት ትቆጣለች፤ ማዶ ሄዳ ትቀባለች። ከዚያ ሲያቃጥላት እኔ ጋ ትመለሳለች።»

ሪላክሰር እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኳት። «ሪላክሰር ሰዓት እንጂ ሰው አያውቅም። ስልክ ተደወለልሽ እንበል። ‹ሄሎ፣ እንዴት ነሽ፣ ልጆች ደህና?› ስትዪ አምስት ደቂቃ አለፈ። ማበጠሪያውን ስትስቢው ፀጉሩ ከነቆዳው ይመጣል።» ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ግንባሯን አሳየችኝ። «ይኸው፣ እኔ ራሴ ግንባሬ የት ላይ እንደሚያልቅ ጠፍቶኛል። አዲስ ዕቃ ሲመጣ መጀመሪያ በራሴ ላይ፣ ቀጥሎ በእህቴ ላይ ነበር የምሞክረው። እህቴ አሁን ከቤት ያለ ሻሽ አትወጣም። አትከሰኝም እንጂ ብትከሰኝ ታሸንፈኝ ነበር።»

የፀጉር ቤት ቋንቋችን ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፤ ፔስትራውም፣ ፎኑም፣ ካስኩም ከዚያው የመጣ ነው። ሪላክሰሩ ግን ከአሜሪካ ነው፤ ታሪኩን ሳነብ ለብቻዬ ስስቅ አመሸሁ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ክሊቭላንድ ከተማ ጋሬት ሞርጋን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ልብስ ሰፊ ነበር። የስፌት መኪናው መርፌ ሲግል ሱፉን እያቃጠለበት ስለተቸገረ የሚያለሰልስ ፈሳሽ ይቀምም ጀመር። እንደሚተረከው አንድ ቀን እጁን በጨርቅ ሲጠርግ የጨርቁ ጭረት ቀጥ ብሎ አገኘው። ፈሳሹን በጎረቤቱ ጸጉራም ውሻ ላይ ሞከረው፤ ውሻው ቀጥ ያለ ጸጉር ይዞ ቤቱ ሲገባ ባለቤቱ አላውቅህም ብሎ አባረረው ይባላል። ከዚያ በራሱ ፀጉር ላይ ሞከረ፣ ከዚያ ኩባንያ ከፈተ። ይኸው ሰው በኋላ የጢስ መከላከያ ጭምብልና የትራፊክ ምልክት ፈልስፎ የባለቤትነት መብት አግኝቷል። እንግዲህ ቤት ውስጥ መሞከር የእኛ ብቻ አመል አይደለም። እሱ ግን ቢያንስ የቀመመውን ያውቅ ነበር።

ዛሬ በየሱቁ ያለው ጠንካራው ሪላክሰር ዋና ቅመሙ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ሳሙና ሠሪዎች ኮስቲክ ሶዳ የሚሉት። ፀጉርን አጠንክረው የሚይዙትን የሰልፈር ማሰሪያዎች ይፈታል፣ ፀጉሩም ይዘረጋል። «ሶዳ የለውም» ተብሎ ለልጆች የሚሸጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ አለበት። እሱን እንኳ በአማርኛ እናውቀዋለን፤ ግድግዳ የምንቀባው ኖራ ነው። ይኼን ለፀጉር ሠሪዋ ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «የሰው ልጅ በኖራ!» አለች። «እኔ እኮ ካርቶኑ ላይ የሕፃን ሥዕል ስላለበት ለሕፃን የተሠራ ነው እል ነበር።»

እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ሥር ያሉ ተመራማሪዎች 33,497 ሴቶችን ወደ 11 ዓመት ገደማ ተከታትለው ያገኙትን አሳተሙ። ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ከአራት ጊዜ በላይ ፀጉር ማለስለሻ የተቀቡት፣ ፈጽሞ ካልተቀቡት ይልቅ በማህፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። በ70 ዓመት ዕድሜ ሲሰላ 1.64 ከመቶ የነበረው 4.05 ከመቶ ይደርሳል። ማለስለሻው ያመጣዋል ብሎ ለመደምደም ይኼ ብቻውን አይበቃም፤ ቢሆንም ፀጉር ቤት ተቀምጬ ሳስበው አራት ጊዜ ምንም አይደለም። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ። ሠርግ ሲጨመር አለፈ።

ወደ ወጥ ቤት እንግባ። እናቶቻችን ለጋ ቅቤ ከአደስ ጋር አናታቸው ላይ አድርገው ፀሐይ ላይ ሲቀመጡ ማን ከለከላቸው? ቅቤ ፀጉር አያበቅልም፤ ዙሪያውን ሸፍኖ እርጥበቱ እንዳይወጣ ይይዛል፣ የደረቀውም አይሰበርም። ሹሩባና ቅቤ ደግሞ የሴት ብቻ አልነበሩም። አፄ ቴዎድሮስን ያለ ሹሩባቸው ማን ያስባቸዋል? በመቅደላ ከሞቱ በኋላ ከፀጉራቸው የተቆረጠው ዘለላ እንግሊዝ አገር ተወስዶ፣ በሞት አልጋቸው ላይ ሥዕላቸውን የሣለው ሰው ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ1959 ለሙዚየም ሰጥተውት፣ ለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መልሶታል። ያ ፀጉር ምን ይቀባ እንደነበር የሚናገር ሰነድ ባገኝ በደስታ እጽፈው ነበር። ችግሩ የዛሬው ቅቤ ነው። ከሙዝና ከአትክልት ስብ ጋር ተደባልቆ ሲሸጥ ተያዘ የሚለውን ዜና በየበዓሉ እንሰማለን። ቅቤውም የእርጎ ኩባያ ሆነብን ማለት ነው።

ጉሎ ግን ያስቆጨኛል። መርካቶ በጥቁር ጠርሙስ ከባሕር ማዶ የመጣ የጉሎ ዘይት በውድ ይሸጣል፤ «ፀጉር ያበዛል» ይላል ጽሑፉ። ተክሉ እኮ አጥራችን ሥር የሚበቅለው፣ ፍሬውን ወቅጠን ምጣድ የምናስስበት ነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችንን ዞሮ ካየ በኋላ የብዙ ሰብሎች መነሻ ብሎ ሲመዘግባት፣ ከጤፍና ከኑግ ጋር ጉሎንም አስገብቶታል። የራሳችንን ጉሎ በዶላር መልሰን ስንገዛ ቫቪሎቭ ምን ይል ነበር? አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ፍሬው ራይሲን የሚባል መርዝ አለው፤ ዘይቱ ሲጨመቅ መርዙ ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። ፍሬውን ወቅጦ አናት ላይ መለጠፍ ሌላ ጣጣ ነው።

እኔም 3 ሳምንት ሞከርኩ። ተልባ አፍልቼ፣ ሳይቀዘቅዝ በንጹሕ ካልሲ አጥልዬ ተቀባሁ። ጥቅልሉን አሳምሮ ያዘልኝ፤ በማግስቱ ግን ደርቆ ሲረግፍ ፎረፎር የያዘኝ መሰልኩ። የሽንኩርት ጭማቂ ነገር የመጣው ባግዳድ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ከታተመ ጥናት ነው። ፀጉራቸው በክብ በክብ ያለቀባቸው 23 ሰዎች በቀን ሁለት ጊዜ ተቀብተው 20ዎቹ በ6 ሳምንት ፀጉር አብቅለዋል። ትንሽ ጥናት ነው፤ ያውም ለአንድ ዓይነት ሕመም እንጂ በሪላክሰር ለተበላ ግንባር አይደለም። ባለቤቴ ይኼን ሁሉ ሳይሰማ፣ ሽንኩርቱን በተቀባሁ በሦስተኛው ቀን ትራሱን ይዞ ሳሎን ሄደ። ሎሚን አልነካሁትም። ፊት ላይ ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ መውጣት እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ከቃጠሎው በኋላ የሚቀረው ጥቁረት ደግሞ ልናጠፋው ከተነሳንበት ማድያት ይብሳል።

«የወጥ ቤቱ ቢያንስ ይሸታል» አለችኝ ፀጉር ሠሪዋ ስነግራት። «ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል፣ ቅቤ ቅቤ ይላል። ያንቺ ኩባያ ምን ይላል?»

ምንም አይልም። አንዲት የቆዳ ሐኪም ኩባያውን ብርሃን ላይ አዘንብላ አየችና፣ እንዲህ ባለ ድብልቅ ብዙ ጊዜ የሚጠረጠሩት ሃይድሮኪኖን፣ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ጠንካራ ስቴሮይድና ሜርኩሪ ናቸው አለችኝ። የሃይድሮኪኖን ዘመዱ ቆዳ እንደሚያነጣ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ነው፤ በአንድ ቆዳ ፋብሪካ የሚሠሩ ጥቁር ሠራተኞች በለበሱት የላስቲክ ጓንት ውስጥ ነበረና እጃቸው በነጭ ተዥጎረጎረ። ሰዎቹ የደረሰባቸው ጉዳት የሌሎች ሸቀጥ ሆነ። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 ሃይድሮኪኖንን ከመዋቢያ ስታግድ ከዓለም ቀድማ ነበር። ሜርኩሪን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት በኪሎ ከ1 ሚሊግራም በላይ ያለበትን መዋቢያ ከልክሎ፣ በ2023 ጄኔቭ ላይ ያችንም 1 ሚሊግራም አነሳት፤ ከ2025 በኋላ ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ ጭራሽ እንዳይሠራና እንዳይነገድ ተወሰነ።

ጉዳቱን ሐኪሟ በአጭሩ ነገረችኝ፣ እኔም ቦታ ስለጠበበኝ በአጭሩ ልጻፈው። ስቴሮይዱ ቆዳን ያሳሳል፤ ሲቆም ፊት ይቀላል፣ ይቆጣል። ሃይድሮኪኖን ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ወደ ሰማያዊ የሚወስድ ጥቁረት ያመጣል፤ ያ በቀላሉ አይለቅም። ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ከእናት ቆዳና ከፎጣ ላይ ተንኖ ለሕፃንም ይተርፋል።

እዚህ አገር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የውበት መጠበቂያዎችንም ከምግብና ከመድኃኒት ጋር በቁጥጥር ሥር አስገብቷል። በወረቀት ያለው ይኼ ነው። በኩባያ የሚሸጠውን ማን ይከታተላል ብዬ ጉዳዩ ይመለከታቸዋል ወደተባልኩት ኃላፊ 7 ጊዜ ደወልኩ። ሦስቴ ስብሰባ፣ ሁለቴ መስክ ነበሩ። በስድስተኛው ጥያቄዬን በጽሑፍ አስገቢ ተባልኩ፤ አስገባሁ። በሰባተኛው ጸሐፊዋ፣ «ደብዳቤዎ ደርሷል፣ ተመርቷል» አለችኝ። ለማን እንደተመራ ስጠይቃት ዘጋችው።

አንድ ላቦራቶሪ ኩባያዬን ሊመረምርልኝ ፈቃደኛ ነበር። የግለሰብ ናሙና ግን ከሚመለከተው አካል የድጋፍ ደብዳቤ ከሌለው አይቀበልም። የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ ስጠይቅ የሰጡኝ ስልክ 7 ጊዜ የደወልኩበት ሆኖ ተገኘ።

ባለፈው ቅዳሜ ያችን ልጅ ቀበና እዚያው ፀጉር ቤት አገኘኋት። ፊቷ ከዋዜማው ቀን ይልቅ ነጥቷል፤ አገጯ ላይ ግን ትናንሽ ቀያይ ደም ሥሮች ይታያሉ። የሐኪሟን ነገር ሁሉ ነገርኳት። አዳምጣ ስትጨርስ ስልኳን አውጥታ መስታወት አድርጋ አገጯን አየችና ዝም አለች። ቆይታ፣ «እርስዎስ ጨረሱት?» አለችኝ።

አልከፈትኩትም አልኳት።

«እንግዲያው አይጣሉት» አለች። «ሴትዮዋ ኩባያውን ከመለሱላት 20 ብር ትቀንሳለች።»