ጠመንጃን የሚበላው ውሃ ነውን?

ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ የባላገር ልጆች ናችሁ። ለበዓል ወደ አገራችሁ በገባችሁ ጊዜ ከቤቱ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ የቆየውን አሮጌ ጠመንጃ ታውቁታላችሁ። ከብት ተሽጦ የተገዛ፥ አያት ለአባት፥ አባት ለልጅ ያወረሰው፥ ዘወትር በቅቤ የሚታሽ ነው። ይህ ጠመንጃ ከስንት ዘመቻ ተርፎ ሳለ በባለቤቱ እጅ፥ ያውም በፍቅርና በጥንቃቄ፥ ሲበላሽ ስላየሁ ነው ዛሬ ይህን መጻፌ።

የማስተምረው በጋሸና ነው። ጋሸና ከወልድያ ወደ ወረታ የሚያልፈው መንገድ ወደ ላሊበላ የሚወስደውን የሚከፍልባት፥ ከፍታዋ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ብርዳም ከተማ ናት። ባለፈው ክረምት አንድ ተማሪዬ ወደ ቤታቸው ወሰደኝ። አያቱ በፈቃድ የያዙትን ምንሽር አውርደው፥ መቀርቀሪያውን አወጡና ቱቦውን ወደ ብርሃን አቅንተው፤ «እስቲ እየው ልጄ፤ አንተ የተማርህ ነህ» አሉኝ። ብመለከት ውስጡ ጠቋቁሮ፥ እንደ ፈንጣጣ ፊት ተበሳስቷል። «ውሃ የሚባል ነክቶት አያውቅም፤ በተኰስሁበት ቍጥር ቅቤ አጠጣዋለሁ። በጥር ዒላማ ተኵሼ ስሰቅለው እንደ መስተዋት ነበረ። ታዲያ ይህ ዝገት ከየት መጣ?» ብለው ጠየቁኝ።

ጥያቄው የኬሚስትሪ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከሳቸው አነጋገር ውስጥ ይገኛል። ጠመንጃውን የበላው ውሃ ሳይሆን ውሃ አለመንካቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥይቱ ቀለህ ቂጥ መካከል አንዲት ትንሽ ክብ ቆብ አለች። ቃታው ሲሳብ መርፌው ይችን ቆብ ይመታታል፤ በውስጧ ያለው ቅመም ብልጭ ብሎ ባሩዱን ያቀጣጥላል። በአሮጌ የጦር ሠራዊት ጥይቶች ይህ ቅመም አብዛኛውን ጊዜ ፖታሲየም ክሎሬት አለበት። ክሎሬቱ ሲቃጠል ኦክሲጅኑን ይሰጥና ፖታሲየም ክሎራይድ ይሆናል። ይህም ለወጣችን ከምንጨምረው ጨው ጋር የቅርብ ዘመድ የሆነ ጨው ነው። እንግዲህ አንድ ጥይት በተተኰሰ ቍጥር በቱቦው ውስጥ ጥቂት ጨው ይረጫል ማለት ነው።

ጨው ብቻውን ደረቅ ሆኖ ሲቀመጥ ጉዳቱ ጥቂት ነው። ችግሩ እርጥበት ሲያገኝ ነው። የአየሩ እርጥበት ሊይዝ ከሚችለው ወደ 85 ከመቶ በደረሰ ጊዜ ፖታሲየም ክሎራይድ ከአየሩ ውሃ እየሳበ ይሟሟል፤ በብረቱ ላይም ስስ የጨው ውሃ ይሆናል። ክሎራይድ ያለበት ውሃ ደግሞ ብረትን ከንጹሕ ውሃ ይልቅ ፈጥኖ ያዝጋል። በላስታ ደጋ ጥር ደረቅ ነው፤ ሐምሌ ግን ጭጋጉ ከቤት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ኃጢአቱ በጥር ተሠርቶ ቅጣቱ በሐምሌ ይመጣል። ባለቤቱም ክረምቱን ይረግማል እንጂ የጥሩን ተኵስ አያስታውስም።

«ታዲያ ቅቤው ምን ሠራ?» ትሉ ይሆናል። ጨው በቅቤም ሆነ በዘይት አይሟሟም። ቅባቱ ጨውን አያወጣውም፤ ይሸፍነዋል እንጂ። ከዚህም በላይ ለጋ ቅቤ በውስጡ ውሃ አለበት፤ ሲቆይም ይኮመጥጣል። ይህን ስሕተት የሠሩት የእኛ አባቶች ብቻ አይደሉም። በአሜሪካና በአውሮፓም ብዙ ሊቃውንት የዝገቱ ምክንያት የባሩዱ አሲድ ነው ሲሉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1922 በአሜሪካ የማዕድን ቢሮ ይሠራ የነበረው ዊልበርት ሃፍ በዘይት ሥር ስለሚሠራው ዝገት ባወጣው ጽሑፍ ጥፋቱ ከቆቧ የሚወጣው ጨው መሆኑን አሳየ። የእንግሊዝ ወታደሮች በበኩላቸው የፈላ ውሃ በጠመንጃቸው ቱቦ ውስጥ ያፈሱ ነበር።

ጀርመኖች በ1920ዎቹ ክሎሬት የሌለበት ቆብ ሠርተዋል፤ ዛሬ የሚሠራውም ጥይት አብዛኛው ከዚህ ጨው ነጻ ነው። ነገር ግን በሶቪየት ኅብረትና በምሥራቅ አውሮፓ የተሠራው የጦር ጥይት ለረዥም ዘመን ክሎሬቱን አልተወም። ስለዚህ የጥይቱ ዓይነት በእርግጥ ካልታወቀ ጨው እንዳለበት መቍጠር ይሻላል። የድሮው ውጅግራ ጥቁር ባሩድ የሚተወው ጥላሸትም የሚለቀው በውሃ ነው።

እንግዲህ አሠራሩን ልንገራችሁ። ከሁሉ አስቀድሞ ጠመንጃው አለመጕረሱን በዓይንም በጣትም ማረጋገጥ ነው፤ ጥይቱም ከክፍሉ ይውጣ። ቀጥሎ መቀርቀሪያው ይወጣል። ከዚያ ውሃ ይፈላል። በጋሸና ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም ጨውን ለማሟሟት ከበቂ በላይ ነው። አፈ ጠባብ በሆነ ማንቆርቆሪያ አንድ ሊትር ያህል ውሃ ከጥይቱ መጕረሻ በኩል ይፈስሳል፤ በአፈ ሙዙም ይወጣል። ብረቱ ስለሚያቃጥል እጅን በጨርቅ መጠቅለል፥ ውሃውም ወደ እንጨቱ እንዳይገባ አፈ ሙዙን ዘቅዝቆ መያዝ ያስፈልጋል። የመቀርቀሪያው ፊትና መርፌው የሚወጣበት ቀዳዳም በዚሁ ውሃ ይታጠባሉ፤ የቆቧ ጨው እዚያም ይደርሳልና።

ውሃው ሙቅ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው። የሞቀው ብረት ራሱ ቶሎ ይደርቃል። ቢሆንም ደረቅ ጨርቅ በመወልወያው ዘንግ እየደጋገሙ ማሳለፍ፥ ጨርቁ ደርቆ ሲወጣ ስስ የመሣሪያ ዘይት መቀባት ነው። ይህ ሁሉ በተተኰሰበት ዕለት ይፈጸም፤ ለነገ አይደር። በሦስተኛው ቀን ሌላ ጨርቅ አሳልፎ ማየት መልካም ነው፤ ቀይ ነገር ይዞ ከወጣ እጥበቱ ይደገም። ዳግመኛ ከመተኰስ በፊትም ዘይቱን ከቱቦው መጥረግ ይገባል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ያ ማንቆርቆሪያ ወደ ሻይ አይመለስ፤ ውሃውም ልጆች ከሚጫወቱበት ርቆ ይደፋ። በጥይት ቅመም ውስጥ እርሳስ፥ በአንዳንዱ አሮጌም ሜርኩሪ አለበትና።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በአሜሪካ ለቅርስ ሰብሳቢዎች እየተሸጡ ነው። ከውጭ ሲታዩ ያምራሉ፤ ቱቦአቸው ግን በብዙዎቹ ዝገት የበላው ነው። አባቶቻችን ሰነፎች ስለ ነበሩ አይደለም፤ የጨውን ጠባይ የነገራቸው ስላልነበረ ነው።

ለሽማግሌው ይህን ሁሉ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠመንጃን ውሃ ማጠጣት ለሳቸው በሬን ከማረድ የሚቈጠር ነበር። እኔም ክርክሩን ትቼ ሁለት ምስማር አመጣሁ። ሁለቱንም በጨው ውሃ ነከርኋቸው። አንዱን እንዳለ ዘይት ቀባሁት፤ ሁለተኛውን በሙቅ ውሃ አጥቤ፥ አድርቄ፥ ከዚያ በኋላ ቀባሁት። ሁለቱን በእርጥብ ጨርቅ ላይ አኑረን ጣሳ ደፋንባቸው። በሳምንቱ ብንከፍት አንደኛው ከነዘይቱ ቀልቷል፤ ሁለተኛው እንደ ነበረ ነው። ሽማግሌው ምስማሮቹን በመዳፋቸው ላይ አኑረው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ፤ «እንግዲያስ የገደልሁት እኔ ነኝ» አሉ።

ዝገት የበላውን ብረት የሚመልሰው የለም፤ እንዳይቀጥል ማቆም ግን ይቻላል። በዚያው ቀን ምንሽሩን አብረን አጠብነው።

እናንተም ወደ አገር ስትገቡ አባታችሁን በመጽሐፍ ቃል አትከራከሯቸው። ሁለት ምስማር ይዛችሁ ሂዱ።