ሳቮይ፦ አዳራሹ ፈርሶ ጭፈራው የቀረበት ታሪክ

ሐርለም የሄድኩት አንድ አዳራሽ ለማየት ነበር። አድራሻውን በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ይዣለሁ፤ ኒውዮርክ፣ ሌኖክስ ጎዳና፣ በ140ኛውና በ141ኛው መንገድ መካከል። ደረስኩ፤ አዳራሹ ግን የለም። በቦታው የቆሙት ባለብዙ ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃዎች ናቸው። ድሮ እዚያ ምን እንደነበር የሚናገረው በ2002 የተመረቀ የመታሰቢያ ሰሌዳ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መንገደኛው ሳያየው ያልፋል። እኔም አስቀድሜ ባላነብ ኖሮ አልፌው በሄድኩ።

ሳቮይ ቦልሩም ይባል ነበር። ዛሬ ከስቶክሆልም እስከ ሴኡል ወጣቶች ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚጨፍሩት ሊንዲ ሆፕ ተኮትኩቶ ያደገው እዚያ ነው። ታዲያ አዳራሹ ሲፈርስ ጭፈራው እንዴት ተረፈ? ሲተርፍስ የማን ተብሎ ተረፈ?

አንድ ወለል፣ ሁለት መድረክ

ሳቮይ የተከፈተው መጋቢት 12 ቀን 1926 ነው። ባለሀብቶቹ ነጮች ሲሆኑ ሥራ አስኪያጁ ቻርልስ ቡካነን ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። አዳራሹ ሁለት የሙዚቃ መድረኮች ስለነበሩት አንዱ ባንድ ሲያበቃ ሌላው ይቀጥላል። ሙዚቃው አይቋረጥም፣ ጨፋሪውም አያርፍም። የእንጨቱ ወለል በእግር ብዛት እያለቀ በየጊዜው ይቀየር ነበር።

ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ በ142ኛው መንገድ ጥግ ላይ የታወቀው ኮተን ክለብ ነበር። እዚያ መድረክ ላይ የሚወጡት ጥቁሮች፣ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ደግሞ ነጮች ነበሩ። ሳቮይ ግን ጥቁሩም ነጩም በአንድ በር ገብቶ በአንድ ወለል ላይ የሚጨፍርበት ቤት ሆነ። የዘር መለያየት ሕግና ልማድ በነበረበት በዚያ ዘመን አሜሪካ ይህ ብርቅ ነበር። ሳቮይ ውስጥ ሰው የሚመዘነው በቆዳው ቀለም ሳይሆን በእግሩ ነበር ማለት ይቻላል።

ከሙዚቀኞቹ ሁሉ የቤቱ ንጉሥ ከበሮ መቺው ቺክ ዌብ ነበር። በልጅነቱ የአከርካሪ አጥንት ሕመም ያጎበጠው፣ ቁመቱ አጭር፣ ምቱ ግን አዳራሽ የሚያናውጥ ሰው ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበረችውን ኤላ ፊትዝጀራልድን በ1935 ወደ ባንዱ ያስገባት እሱ ነው። በግንቦት 1937 ደግሞ በወቅቱ የስዊንግ ንጉሥ ይባል ከነበረው ከቤኒ ጉድማን ባንድ ጋር በሳቮይ ተፋልሞ አሸንፏል።

ጭፈራው ምን ዓይነት ነው?

ስዊንግ በ1930ዎቹና በ40ዎቹ የነገሠ፣ በትልልቅ ባንዶች የሚቀርብ የጃዝ ዓይነት ነው። ሊንዲ ሆፕ የእሱ የጭፈራ ወንድም ነው። ስያሜውን በተመለከተ የሚነገረው፣ ቻርልስ ሊንድበርግ በ1927 አትላንቲክን ያለማረፍ ከተሻገረ በኋላ፣ በ1928 በተካሄደ የጽናት የጭፈራ ውድድር ላይ ሾርቲ ጆርጅ ስኖውደን የተባለው ጨፋሪ ስሙን አወጣለት የሚለው ነው።

የአውሮፓ የጥንድ ዳንስ ወገብን ቀጥ አድርጎ፣ ተቃቅፎ፣ ሳይላቀቁ መሄድ ነው። የሐርለም ልጆች ይህን ከፈቱት። ጥንዶቹ በ8 ምት ውስጥ ተያይዘው ይጀምሩና ይሽከረከራሉ፤ ከዚያ በክንድ ርዝመት ይራራቃሉ፤ እንደገና ይገናኛሉ። ቁም ነገሩ በዚያች የመራራቂያ ቅጽበት ላይ ነው። ሴቷም ወንዱም የየራሳቸውን ፈጠራ የሚያሳዩት ያን ጊዜ ነው። ጉልበት ሰበር ይላል፣ ሰውነት ወደ መሬት ዝቅ ይላል፣ ምቱ ከእግር እስከ ትከሻ ይሰማል። ይህ ከአፍሪካ የተወረሰ ነው።

በ1935 ፍራንኪ ማኒንግ የተባለ ወጣት አንድ ነገር ጨመረ። ከጓደኛው ከፍሪዳ ዋሽንግተን ጋር ጀርባ ለጀርባ ሆነው ክንድ ለክንድ ከተቆላለፉ በኋላ በጀርባው ላይ አገላብጦ ፊት ለፊቱ በእግሯ አሳረፋት፤ ያውም ምቱን ጠብቆ። በሊንዲ ሆፕ የአየር ላይ ዝላይ የተጀመረው በዚያ ውድድር ነው።

ለእኛ 1935 ሌላ ትርጉም አለው። ጣሊያን ኢትዮጵያን የወረረችበት ዓመት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1928። ከሳቮይ በእግር ጥቂት ደቂቃ የሚያስኬደው፣ በ138ኛው መንገድ ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን ስሙ የአቢሲኒያ ባፕቲስት ነው። በዚያ ዓመት ሐርለም ለኢትዮጵያ ሰልፍ ወጥቷል፣ ገንዘብ አዋጥቷል። የስዊንግ ሐርለምና ለኢትዮጵያ የጮኸው ሐርለም አንድ ሰፈር ነው።

የበሩ መዘጋት

በሚያዝያ 1943 ባለሥልጣናት ሳቮይን ዘጉት። የተሰጠው ምክንያት ወታደሮች ከሴተኛ አዳሪዎች ጋር ይገናኙበታል የሚል ነበር። የሐርለም ሰው ግን እውነተኛው ምክንያት የጥቁርና የነጭ አብሮ መጨፈር ነው ብሎ ያምን ነበር። እስከ ጥቅምት ድረስ ተዘግቶ ቆየ። በ1944 ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት ጭፈራ ባለባቸው ቤቶች ላይ 30 በመቶ የጦርነት ጊዜ ግብር ጣለ። ወዲያው ወደ 20 በመቶ ቢወርድም ብዙ ቤቶች ጭፈራውን ትተው ቁጭ ብሎ ማድመጥን መረጡ። ትልልቅ ባንዶች በወጪ ምክንያት ተበተኑ። ሳቮይም በ1958 በሩን ዘግቶ ለመኖሪያ ቤት ግንባታ ሲባል ፈረሰ።

ማኒንግ በ1955 ፖስታ ቤት ተቀጠረ። ለ30 ዓመታት ያህልም እዚያው ሠራ። በ1980ዎቹ ግን የድሮ ፊልሞች አይተው የተደነቁ ስዊድናውያንና አሜሪካውያን ወጣቶች ፈልገው አገኙት፤ አስተምረንም አሉት። በ1989 በብሮድዌይ ለሠራው የጭፈራ ቅንብር ከሌሎች ሦስት ባለሙያዎች ጋር የቶኒ ሽልማት ተቀበለ። 95 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ሲቀረው፣ በ2009 እስኪያርፍ ድረስ ከአገር አገር እየዞረ አስተማረ። በ12 ዓመቷ ከሳቮይ ደጃፍ ስትጨፍር ታይታ ወደ ውስጥ የተጠራችው ኖርማ ሚለርም እስከ 2019 ኖራ፣ በ99 ዓመቷ እስክታርፍ ድረስ ታሪኩን ተናግራለች። ጭፈራው የተረፈው በእነዚህ ሰዎች አካልና ትዝታ ውስጥ ነው።

የማን ነው?

ሰሌዳውን ባየሁበት ዕለት ምሽት እዚያው ከተማ ወደሚገኝ አንድ የስዊንግ ማስተማሪያ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። ከ20 የምንበልጥ ተማሪዎች ነበርን፤ ጥቁር እኔ ብቻ ነኝ። አስተማሪው ትሑትና ጎበዝ ሰው ነው፤ እርምጃውን ቆጥሮ አስጠናን። በአንድ ሰዓት ውስጥ ግን ሐርለም የሚለው ስም አንድ ጊዜ እንኳን አልተነሳም። ጭፈራው ከሰማይ የወረደ ይመስል ነበር። በተማሪዎቹ አልተቀየምኩም፤ በደስታ እየጨፈሩ ነበር። የከነከነኝ ዝምታው ነው።

ባለቤት ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል። ከ2020 ወዲህ ጥቁር ጨፋሪዎች ይህን ጥያቄ ከፍ ባለ ድምፅ እያነሱት ነው። ላታሻ ባርንስ የተባለችው ጨፋሪ በ2021 ባቀረበችው ዘ ጃዝ ኮንቲኒዩም የተሰኘ ሥራ ሊንዲ ሆፕን ከሂፕ ሆፕና ከሃውስ ጭፈራ ጋር በአንድ መድረክ አገናኝታ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን አሳይታለች። የሚጠየቀው ሌላው አይጨፍር የሚል አይደለም። ሳቮይ ራሱ ለሁሉም ክፍት ነበርና። የሚጠየቀው የፈጠሩት ሰዎች ይጠሩ የሚል ነው።

በ1941 የወጣው ሄልዛፖፒን የተሰኘው ፊልም ውስጥ እስከ ዛሬ ከታዩት የሊንዲ ሆፕ ትዕይንቶች ሁሉ ድንቅ የሚባለው አለ። ጨፋሪዎቹ ወጥ ቤት፣ የቤት ሠራተኛና መካኒክ መስለው ነው የሚወጡት። በፊልሙ ላይ የተጻፈላቸው የቡድን ስም ነው፤ የሐርለም ኮንገሩ ጨፋሪዎች የሚል። የየግል ስማቸው የለም። አራት ጥንዶች ነበሩ፤ ዊልያም ዳውንስና ፍራንስስ ጆንስ፣ ኖርማ ሚለርና ቢሊ ሪከር፣ አል ሚንስና ዊላ ሜ ሪከር፣ ፍራንኪ ማኒንግና አን ጆንሰን።