ሐይቁን ማን ያዝዘዋል?

ኮልፌ ቀራኒዮ ላይ የጣለ ዝናብ መጨረሻው የት እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ብዙም አይገጥመኝም። እንጀራዬ የመንገድ ውሃ ማስወገጃ ስለሆነ እኔ እጠይቃለሁ። ከአየር ጤና ቁልቁል የሚወርደው በየቱቦው አድርጎ ትንሹ አቃቂ ይገባል፤ ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ አዋሽ፣ ቆቃ። ከቆቃ በታች አዋሽ መተሐራ ሲደርስ ከፊሉ ወደ ሸንኮራ እርሻው ይጠለፋል። ሸንኮራው ጠጥቶ የተረፈው ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ከሰረገውም በሰቃ ሐይቅ የሚገባ አለ።

በሰቃን ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ጅቡቲ የተጓዘ ሁሉ ያውቀዋል። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከፈንታሌ ተራራ ሥር፣ በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መካከል የተኛ ጨዋማ ውሃ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። የከረዩ አርብቶ አደሮችን የግጦሽ መሬት ውጧል፤ አስፋልቱንና የድሮውን የባቡር ሐዲድ ደጋግሞ ከፍ አስደርጓል።

እኛ ካልቨርት፣ ማለትም ከመንገድ ሥር ውሃ ማሳለፊያ፣ ስንነድፍ በ50 ወይም በ100 ዓመት አንዴ የሚጠበቅ ጎርፍ ብለን እናሰላለን። ስሌቱ የሚመጣው ዘመን ያለፈውን ይመስላል ከሚል ግምት ይነሳል። ለኮልፌ ቁልቁለት ይህ ይሠራል፤ ጎርፉ ድንገት ይመጣል፣ ወዲያው ይሄዳል፣ ጣጣችንም ባብዛኛው ቱቦ ውስጥ የተወረወረ ፌስታል ነው። በሰቃ ግን መጥቶ የሚሄድ ጎርፍ አይደለም። መተሐራ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከ500 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ፀሐይዋ የምታተነው ከዚያ በብዙ እጥፍ ነው። በዚህ ሒሳብ ተፈጥሯዊ መውጫ የሌለው ሐይቅ መስፋት ሳይሆን መሸሽ ነበረበት።

ስለ ምክንያቱ ተመራማሪዎች ይከራከራሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 የተገነባው የቆቃ ግድብ የአዋሽን ፍሰት ካስተካከለ በኋላ ሰፋፊ መስኖ መጣ፤ ከሐይቁ ዳር ፍል ውሃ ይመነጫል፤ ከሥሩ ደግሞ ስምጥ ሸለቆው ዝም ብሎ አይቀመጥም። በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌ አካባቢ መንቀጥቀጥ እዚህ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያሉትን ሳይቀር ከእንቅልፍ ቀስቅሷል። እኔ ወደ መስኖው አደላለሁ። ድርሻው ትንሽ ቢሆን እንኳ በእጃችን ያለው እሱ ብቻ ነው፤ ፍል ውሃን በቫልቭ አንዘጋም።

የመንገድ ሰው ግን ውሃ ሲያይ የመጀመሪያ መልሱ ሙሌት ነው። መንገድን አንድ ሜትር ከፍ ለማድረግ፣ ጎኑ አንድ ሜትር ሲወርድ ሁለት ሜትር ወደ ውጭ የሚዘረጋ ከሆነ፣ ግርጌው በጠቅላላ አራት ሜትር ይሰፋል፤ የሚሰፋውም ወደ ሐይቁ ነው። ግራና ቀኙ ውሃ በሆነበት ቦታ ካልቨርት ውሃ አያስወግድም፣ የሁለቱን ወገን ከፍታ ያስተካክላል እንጂ። ጎኑን ሞገድ ይልሰዋል፤ ጨውም ወደ ሙሌቱ እየተሳበ ይወጣል።

አሜሪካ ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ዴቪልስ ሌክ የሚባል ሐይቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1993 ጀምሮ እንዲሁ እየወጣ መንገዶች ተደጋግመው ከፍ ተደረጉ። አንዳንዶቹ ሳይታሰብ ግድብ ሆነው ቁጭ አሉ፣ ለግድብነት ሳይነደፉ። ሐይቁን በቦይ ለማስተንፈስ ሲታሰብ ደግሞ ጨዋማውን ውሃ ወደኛ አትላኩ የሚል ተቃውሞ ከታች ከካናዳ ተነሳ።

የእኛም ነገር ያው ነው። ከበሰቃ ወደ አዋሽ ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ይለቀቃል፤ ከታች ግን አፋር ውስጥ ከአዋሽ የሚጠጣ ሰውና ከብት፣ ከአዋሽ የሚጠጣ እርሻ አለ። ስለዚህ መልቀቂያው ጊዜ አዋሽ የሚሞላበት ክረምት ነው፤ በበጋ ትንሹም ብዙ ነው። ሐይቁን በአንድ ጊዜ ማውረድም አይቻልም። ለዓመታት ውሃ የጠጣ ሙሌት ውጭው ፈጥኖ ሲሸሽበት የውስጡን ውሃ ቶሎ አይለቅም፤ ጎኑ ይናዳል። መንገዱን ለማዳን የወረደው ውሃ መንገዱን ይዞት ይወርዳል ማለት ነው።

እንዲህ ላለ መንገድ የሥራ ዝርዝር ስናዘጋጅ ለድንጋይ፣ ለአፈር፣ ለካልቨርት ዋጋ መሙያ መስመር አለን። የእርሻ ቦይ በኮንክሪት ለማልበስ፣ ማሳ ላይ የሚለቀቀውን ውሃ ለመለካት መስመር የለንም፤ የሌላ መሥሪያ ቤት በጀት ነውና። ቢፈቀድልኝ የሚቀጥለውን የሙሌት ገንዘብ ከፊሉን ሸንኮራው ማሳ ውስጥ አፈስሰው ነበር።